አልቻልኩም አትበል

ሰገነትን የካ ሚካኤል ሰፈር የማያውቃት የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያለው ቤት የእሷ ነው። ጥልፍ ትሠራለች፤ የሙሽራ ቀሚስ፣ የካህናት ካባ፣ የመዘምራን ልብስ። ጠዋት ስፌት መኪናዋ ላይ የተቀመጠች፣ ወገቧን የምታቀናው ምሳ ሲደርስ ነው። ሰው ስለ እሷ ሲያወራ ግን ጥልፏን አያነሣም። «ሰገነት ቻይ ናት» ነው የሚለው። ባል የሞተባት፣ ልጅ የታሰረባት፣ ቤት የፈረሰባት ሴት ስታለቅስ፣ «ሰገነትን አታዪም? ያን ሁሉ ችላ ይኸው ትኖራለች» ብለው ያጽናኗታል።

ሰገነት ይህን ስትሰማ ፈገግ ትላለች። ቃሉን ግን አትወደውም። ቃሉን መጀመሪያ የለጠፈባት ማን እንደሆነ ታውቃለችና።

ኃይለ መስቀል ነው።

ባሏ ዘመንፈስቅዱስ እንጦጦ ሥር ባለ የአጣና መጋዘን ዘበኛ ነበር። አንድ ምሽት መጋዘኑ ተቃጠለ። ዘበኛው በቦታው አልነበረም። «የት ነበርክ?» ሲሉት እውነቱን ተናገረ፦ «ጋሼ ኃይለ መስቀል ጠርተውኝ፣ ሲ.ኤም.ሲ ለሚያሠሩት ቤት አጣና ጭነን ስናራግፍ ነበር።» ኃይለ መስቀል በጊዜው ሹም ነው፤ ቃሉ ይሰማል። ግን ያ አጣና በማን ፈቃድ ከመጋዘን እንደወጣ እንዲጠየቅ አልፈለገም። ፖሊስ ሲጠይቀው፣ «በዚያ ምሽት ሰውየውን በዓይኔም አላየሁት» አለ። በቃ። ዘመንፈስቅዱስ አቃጥለሃል ተብሎ ተፈረደበት። እስር ቤት ገባ፣ ሳንባውን ታመመ፣ ሬሳው ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከቀብሩ ብዙ ሰው ቀረ፤ ልቅሶ የደረሰው ሁሉ ግን የየራሱን ቃል ይዞ መጣ። የንስሐ አባቷ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት። ጎረቤቶቿ «ታገሺ፣ ለልጅሽ ስትይ ቻዪው» አሏት። አጎቷ «ጨከን በይ» አላት። ሰገነት ሁሉንም ሰማች፤ ማንንም አልተቀየመችም። ከዚያ ኃይለ መስቀል በጥቁር ካፖርት መጣ። ለቀስተኛው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀለት። አጠገቧ ተቀምጦ እጇን በሁለት እጁ ያዘና፣ «እግዚአብሔር ያስችልሽ ልጄ» አላት።

ቀና ብላ ዓይኑን አየችው። አልሸሸም። ፊቱ ላይ እፍረት ፈልጋ አጣች። ያን ቀን ነው እንባዋ የደረቀው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ስታለቅስ ያያት የለም።

ዓመታት አለፉ። ኃይለ መስቀል ጡረታ ወጣ። የሲ.ኤም.ሲውን ቤት አከራይቶ የካ ሚካኤል በሚገኘው የአባቱ ቤት ይኖራል። የእድሩ ዳኛ ሆነ። ስብሰባ ላይ ስለ መከራ ሲነሣ ሁልጊዜ፣ «ከእኛው መካከል ሰገነትን የመሰለች ቻይ ሴት አለች» ይላል። ሰዉም ዞር ብሎ ያያታል። እሷ ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች።

ናዝሬት የምትባለው ልጇ አድጋ፣ ተምራ፣ ሲ.ኤም.ሲ ባለ አንድ ቢሮ ተቀጠረች። ቢሮው ችግር የደረሰባቸውን ሴቶች ያሠለጥናል። አንድ ምሽት ጫማዋን እያወለቀች፣

«እማ፣ ዛሬ ሥልጠናው ላይ አንቺን ምሳሌ አድርጌ አወራሁ። የመቋቋም አቅም ማለት አንቺ ነሽ። በጣም ስትሮንግ ነሽ» አለቻት።

«መቋቋም ፊት ለፊት ቆሞ ነው» አለች ሰገነት፣ ከጥልፉ ቀና ሳትል። «እኔ መች ከማን ጋር ቆምኩ? አንገቴን ደፍቼ ነው የኖርኩት።»

«እሺ፣ ቻይ ነሽ።»

«ቻይማ አህያ ናት። የጫኑባትን ትችላለች፤ የማን እቃ እንደሆነ አትጠይቅም።»

ናዝሬት ሳቀች። «ኧረ እማ! ታዲያ ምን ልበልሽ?»

ሰገነት ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ታጋሽ በዪኝ። ታጋሽ የሚጠብቀው ነገር አለው።»

ናዝሬት ቀልድ መስሏት ወደ ጓዳ ገባች።

የጠበቀችው ነገር በኪዳነ ምሕረት ቀን መጣ። ሰገነት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አስቀድሳ፣ ጠበል ጠጥታ፣ ወደ ፈረንሳይ ሰፈር በሚወርደው አቋራጭ መንገድ ብቻዋን ትመለስ ነበር። ባሕር ዛፉ መካከል ያለው መንገድ አንድ ቦታ ላይ አስፋልቱን ከላይ ሆኖ ያሳያል። ትንፋሽ ለመሰብሰብ እዚያ ቆመች። ከታች አንድ ሽማግሌ አህያቸውን እየነዱ የመንገዱን ዳር ይዘው ይወጣሉ። አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ከላይ እየተምዘገዘገ መጣና ኩርባው ላይ ሰውየውን ገጭቶ፣ ፍሬን እንኳን ሳይዝ ቁልቁል ሄደ። ከኋላው አንዲት ነጭ የቤት መኪና ደረሰች። ሾፌሩ የወደቁትን እንዳይረግጥ መሪውን ጠመዘዘ፤ መኪናዋ ቦይ ውስጥ ገባች፣ የፊት መብራቷም ተሰበረ። ወጣቱ ሾፌር ዘሎ ወርዶ ሽማግሌውን ደረቱ ላይ አቅፎ ያነሣቸው ጀመር።

ሰገነት ልትወርድ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። ከዚያ ወጣቱ ቀና አለና ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ቅዱስ ነበር፤ የኃይለ መስቀል ልጅ።

«እትዬ ሰገነት! እባክዎ ሰው ይጥሩልኝ!» ብሎ ጮኸ።

እግሯ ከመሬት ጋር ተሰፋ። ከታች ሰዎች እየሮጡ መጡ። ደም የነካውን ልብሱን፣ ቦይ የገባችውን መኪና፣ የተሰበረውን መብራት አዩ። «ገደለው! እሱ ነው! ያዙት!» አሉ። ቅዱስ እጁን ወደ ላይ፣ ወደ እሷ ሲዘረጋ አየችው። ሰገነት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ከዚያ ሌላ። ባሕር ዛፉ ሸፈናት። ዞራ በሌላኛው ቁልቁለት ወደ ቤቷ ወረደች።

ቅዱስ ክፉ ልጅ አልነበረም። መገናኛ ታክሲ ስትጠብቅ ካገኛት ሳይጭናት አያልፍም፤ ስፌት መኪናዋ በተበላሸች ጊዜ ተሸክሞ ያሠራላት እሱ ነው። ሰገነት ይህን ሁሉ አልረሳችም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ መርፌው በቀሚሱ ላይ ሲሮጥ፣ የቅዱስ እጅ ደጋግሞ ይመጣባታል። ግን ደግሞ የሌላ ሰው እጅ ይመጣባታል፤ ችሎት ፊት ቆሞ «ጋሼ ኃይለ መስቀል ያውቃሉ፣ እሳቸውን ጠይቁልኝ» እያለ የለመነ ሰው እጅ። አሁን ኃይለ መስቀልም ምስክር ማጣት ምን እንደሆነ ያውቀዋል፣ አለች በልቧ።

ሽማግሌው ሐኪም ጋ ሳይደርሱ ሞቱ። ቅዱስ ታሰረ። ዋስትናም ተከለከለ። ለአባቱ፣ «እትዬ ሰገነት ከላይ ሆነው አይተዋል፤ እሳቸውን ጠይቋቸው» ብሎ ላከበት።

መጀመሪያ የመጣችው እናቱ የሺሃረግ ናት። በሩን ሳታንኳኳ ገብታ ሰገነት እግር ላይ ወደቀች።

«ሰገኔ፣ እናት ነሽና ታውቂዋለሽ። ልጄ አልገደለም። አይተሻል አሉኝ። አንዲት ቃል ብቻ ተናገሪልኝ።»

የሺሃረግ ስለ አጣናው ምንም አታውቅም ነበር። ባሏ ነግሯት አያውቅም። ሰገነት ይህንንም ታውቃለች። ጎንበስ ብላ አነሣቻት፣ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገችላት፤ ከዚያ ቃሉን ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል አወጣችው።

«እግዚአብሔር ያስችልሽ።»

የሺሃረግ እግሯን እየጎተተች ወጣች።

ናዝሬት ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታ ነበር። «እማ! አይተሻል እንዴ?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ቅዱስ እኮ ነው! ምን አደረገሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«አባትሽስ ምን አድርጎ ነበር?» አለች ሰገነት። ናዝሬት ስለ አጣናው ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ እናቷ ግን ንዴቷ ሳይበርድ ይህን ያህል ዘመን ይዛው እንደኖረች አልገባትም ነበር።

ኃይለ መስቀል ሲመጣ ከዘራውን በር ላይ አቁሞ ነው የገባው። ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

«ሰገነት ልጄ፣ ቅዱስ ያለ ጥፋቱ ነው የታሰረው። አንቺ አይተሻል። ጣቢያ አብረን እንሂድና ቃልሽን ስጪ።»

ሰገነት ስፌቷን አላቆመችም። «ጋሼ፣ እኔ በዚያ ቀን ልጁን በዓይኔም አላየሁት።»

ቃሉን አወቀው። የራሱ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከ፤ ሲናገርም ድምፁ ሌላ ነበር።

«ወይዘሮ ሰገነት፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። በእኔ ኃጢአት ልጄን አይቅጡብኝ። የፈለጉትን ይጠይቁኝ። ቤት ከሆነ ቤት…»

ሰገነት ስፌት መኪናዋን አቆመች። ከልቅሶው ቀን ጀምሮ ይህን ስትጠብቅ ኖራለች፤ ደስታው ከጠበቀችው በላይ ጣፈጣት። «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው «እርስዎ» አላት። እሷም የምትመልስለት ነገር ነበራት።

«አንተ» አለችው። «ቤትህ ውስጥ የባሌ አጣና አለበት፤ ምን ይሠራልኛል? ተነሣ። እሑድ እድር አለ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ሁልጊዜ በምትቆምበት ቦታ ላይ ሆነህ፣ ዘመንፈስቅዱስ ያን ምሽት የት እንደነበረ ተናገር። የተናገርክ ዕለት እኔም ልጅህን አየሁት እላለሁ።»

«ይህን ካልኩ በዚህ ሰፈር እንዴት እኖራለሁ?»

«ትችለዋለህ» አለችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ አዳራሽ ሞላ። ወሬው ደርሷቸው ነው መሰል፣ መጥተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሰገነት ከኋላ ተቀመጠች። ናዝሬት ከእሷ ራቅ ብላ ቆማለች። የሺሃረግ ከፊት፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣብቃ። ኃይለ መስቀል የስብሰባውን አጀንዳ አላነበበም። ከዘራውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ቆመ።

«ወገኖቼ» አለ፣ «ስለ ሟች ዘመንፈስቅዱስ አንድ የምናገረው አለኝ። መጋዘኑ በተቃጠለበት ምሽት እሱ ከእኔ ጋር ነበር። ሲ.ኤም.ሲ፣ ቤቴ ጋ። ያወጣሁት አጣና ፈቃድ አልነበረውም። ስጠየቅ ግን… ጊዜው ክፉ ነበርና፣ ቤተሰብ ነበረኝና… እውነቱን መናገር አልቻልኩም።»

አንዳንዱ አንገቱን በሐዘን ነቀነቀ፤ ሊያዝንለት የተዘጋጀ ፊት ነበር። ሰገነት ይህን አየችና ተነሣች።

«አልቻልኩም አትበል።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። የእድሩን ዳኛ «አንተ» ብሎ የተናገረ ሰው እስከዚያ ቀን አልተሰማም።

«የቻልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ስንቅ ይዤ እስር ቤት ደጃፍ ስሰለፍ የቻልኩት እኔ ነኝ። ሳል ሲገድለው የቻለው እሱ ነው። አንተ ያልቻልከው ምንድን ነው? አንዲት ቃል ነበረች፤ አፍህ ውስጥ ነበረች። አልፈለግሁም በል።»

ኃይለ መስቀል ሚስቱን አየ። የሺሃረግ እሱን ሳይሆን መሬቱን ነበር የምታየው።

«አልፈለግሁም» አለ።

«አልሰማሁም።»

«አልፈለግሁም!»

የሺሃረግ ተነሣች። በሰዉ መካከል ሰንጥቃ፣ ባሏንም ሰገነትንም ሳታይ ወጥታ ሄደች። ከኋላ አንዲት አሮጊት እልልም ለቅሶም የማይመስል ድምፅ አሰሙ። በአዳራሹ ካሉት አብዛኞቹ የዘመንፈስቅዱስ ቀብር ላይ «የወንጀለኛ ቀብር ነው» ብለው የቀሩ ናቸው፤ ሰገነት አንድ በአንድ ፊታቸውን አየች፣ አንድ በአንድ አቀረቀሩ።

ሰኞ ጠዋት ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ሰጠች። ገልባጩን፣ ኩርባውን፣ ቅዱስ ሰውየውን ሲያነሣ ያየችውን ሁሉ ሳታጎድል ተናገረች። «እስካሁን ለምን አልመጡም?» አላት መርማሪው። «ሥራ ነበረብኝ» አለችው። ፖሊስ ገልባጩን ፈልጎ አገኘው፤ ሾፌሩም አመነ። ቅዱስ ተፈታ።

ወደ ቤት የመጣው በበነጋታው ነው። ከስቷል፣ ፂሙ አድጓል። ተቀመጥ ብትለው አልተቀመጠም።

«እትዬ ሰገነት፣ አየሁዎት። ዞረው ሲሄዱ አየሁዎት።»

«አውቃለሁ።»

«ለመርማሪዎቹ በየቀኑ እምላለሁ፤ ‹አንዲት እናት አይተዋል፣ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ይመጣሉ› እላለሁ። ይስቁብኛል። አባቴ ያደረገውን ሰማሁ። ሊያስጨንቁት መብትዎ ነው፤ እኔም አብሬው አልኖርም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። እሑድ ባይናገር ኖሮ ይተዉኝ ነበር?»

ናዝሬት ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሰገነት የልጇን ፊት አየች፤ ምን እንድትል እንደምትጠብቅ አየች። ልትዋሽ ትችል ነበር። ባሏን የገደለው ግን ውሸት ነው።

«እተውህ ነበር» አለች።

ቅዱስ ራሱን ነቀነቀ። «እናቴስ ምን አደረገችዎ?»

«ምንም።»

ቅዱስ ወጣ። ናዝሬት እስከ በሩ ሸኘችውና ቶሎ አልተመለሰችም። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«እማ፣ ለአባዬ ያደረግሽውን አልቃወምም። ግን ያን ልጅ ሳየው፣ እኔን ነው ያየሁት።»

«እንደ እኔ ብትሆኚ ለምን እንዳደረግሁት ይገባሽ ነበር።»

«እንደ አንቺ መሆን አልፈልግም» አለች ናዝሬት። በወሩ መጨረሻ ከባልደረባዋ ጋር ሲ.ኤም.ሲ ቤት ተከራየች። እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ ምሳ ትበላለች፣ የእናቷን እጅ ትስማለች፣ ስለ ሥራዋ ግን አታወራም።

ኃይለ መስቀል ከዳኝነቱ ተነሣ። አሁን የሚያስቀድሰው ሰው በማያውቀው ደብር ነው። መንገድ ላይ ሰገነትን ከሩቅ ካየ ወደ ግንቡ ተጠግቶ ያሳልፋታል፤ እሷም በመንገዱ መካከል ታልፋለች። የእድሩ ሽማግሌዎች መጥተው፣ ለዘመንፈስቅዱስ ነፍስ ጸሎት እናስደርግ፣ ዝክሩን እኛ እንችለዋለን ሲሏት፣ «ቀብሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ይበቁታል» ብላ በር ላይ መለሰቻቸው።

በሰፈሩ ተጸጽታለች የሚል ሰው አለ። አልተጸጸተችም። ያን ደስታ አሁንም ስታስበው ይጣፍጣታል። አንድ ሰው ፊት ብቻ አንገቷን ትደፋለች። የሚካኤል ዕለት ከሴቶች በር ስትወጣ ከየሺሃረግ ጋር ተፋጠጡ። የሺሃረግ ጥቁር ባትለብስም ሐዘንተኛ ትመስላለች፤ ባሏን ትታ እህቷ ዘንድ ነው የምትኖረው። ሰገነት ጎንበስ ብላ፣ «እንደምን አደርሽ፣ የሺ» አለቻት።

የሺሃረግ ሰገነትን እንደ ግድግዳ አይታት አለፈች።

ሰገነት ትንሽ ቆማ ጠበቀቻት፤ ዞር ካለች ብላ። አልዞረችም። ነጠላዋን አስተካክላ ዳገቱን ወጣች፤ ለቅዳሜ የሚደርስ የሙሽራ ቀሚስ ነበረባት።